አርክቲክ ኤምኤክስ-4 ከአንድ ዓመት በኋላ፦ ፔስቱ ደህና ነው፣ ጉዳዩ ያለው እጅ ላይ ነው

አርክቲክ ኤምኤክስ-4 የተባለው ተርማል ፔስት፣ ማለትም በፕሮሰሰርና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል የሚቀባው ቅባት፣ በ4 ግራም ሲሪንጅ እጄ ከገባ ዓመት አለፈው። በእነዚህ ወራት ሁለት ላፕቶፖችና አንድ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ቀብቼዋለሁ፤ አንዱን ላፕቶፕ በራሴ ስህተት ምክንያት ሁለት ጊዜ ለመክፈት ተገድጃለሁ፤ ሲሪንጁ ግን ገና ሩቡ እንኳ አልጎደለም። ግምገማውን እስካሁን ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው፤ በተቀባበት ዕለት ጥሩ ያልሆነ ተርማል ፔስት የለምና።

ነገሩ የተጀመረው ቪዲዮ በማቀናብርበት ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ኮር አይ5-8250ዩ ሲሆን፣ አራት ኮር፣ 1.6 ጊጋኸርዝ መነሻ ፍጥነትና እስከ 3.4 ጊጋኸርዝ የሚዘልቅ ከፍተኛ ፍጥነት አለው። የማቀዝቀዣው ልክ የሚታሰበው በ15 ዋት ነው፤ ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲደርስ ደግሞ ራሱን ለማዳን ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳል። የእኔው ላፕቶፕ የተቀናበረውን ቪዲዮ ማውጣት ከመጀመሩ 98 እና 99 ዲግሪ ላይ ይወጣና፣ ፋኑ ጎረቤት እስኪሰማ እየጮኸ፣ ፍጥነቱ ከመነሻው በታች ይወርድ ነበር። የ10 ደቂቃ ቪዲዮ ለማውጣት አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ይወስድብኝ ጀመር።

መጀመሪያ የወሰድኩት ወደ አንድ ጥገና ቤት ነው። ልጁ ትሑትና ፈጣን ነበር፤ ክዳኑን ከፍቶ ፋኑን በብሩሽ አጸዳና ከትንሽ ብልቃጥ ነጭ ፔስት በጣቱ ዝቆ በፕሮሰሰሩ ላይ ደልድሎ ቀባው። ዳቦ ላይ ማርማላታ እንደሚቀባ ማለት ነው። አልበዛም ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ሲበዛ ነው የሚያቀዘቅዘው» አለኝና ሂት ሲንኩን፣ ማለትም በላዩ የሚያርፈውን የማቀዝቀዣ ብረት፣ መልሶ አሰረው። በዚያው ሳምንት ሙቀቱ ወደነበረበት ተመለሰ። ልጁን አልወቅሰውም፤ ይህን ሥራ ከሌላ ሰው አይቶ ነው የተማረው፣ ያሳየውም ሰው እንዲሁ ከሌላ አይቶ ይሆናል። ሆኖም «ሲበዛ ነው የሚያቀዘቅዘው» የሚለው እምነት ከእውነታው ጋር ፊትና ጀርባ ስለሆነ፣ ስለ ኤምኤክስ-4 ከማውራቴ በፊት የፔስት ሥራ ምን እንደሆነ መናገር ግድ ይለኛል።

የፕሮሰሰሩ ገጽና የሂት ሲንኩ የመዳብ ገጽ ለዓይን ልሙጥ ይምሰሉ እንጂ፣ በማጉያ ሲታዩ ሁለቱም ጉብታና ጎድጓዳ የሞላባቸው ናቸው። ሲገጣጠሙ የሚነካኩት በየጉብታው ጫፍ ብቻ ሲሆን፣ የተረፈውን ክፍተት አየር ይሞላዋል። አየር ደግሞ ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ በሜትር ኬልቪን 0.026 ዋት ገደማ ብቻ ነው፤ የመዳብ 400 ገደማ ነው። ፔስት የሚያስፈልገው ያንን አየር ከጎድጓዳው አስወጥቶ ቦታውን እንዲይዝ ነው። ኤምኤክስ-4 አምራቹ እንደሚለው 8.5 ዋት ያስተላልፋል፤ ይህ ከአየር ጋር ሲነጻጸር ከ300 እጥፍ በላይ ቢሆንም፣ ከመዳብ ጋር ሲነጻጸር ከአርባ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ፔስት ከአየር የሚሻል፣ ከብረት ግን በጣም የሚያንስ ነገር ነው። መዳቡ ሲሊከኑን (የፕሮሰሰሩን ቺፕ) ሊነካ በሚችልበት ቦታ ላይ ፔስት ከገባ ጉዳት ነው፤ መዳቡ ሊደርስ በማይችልበት ጎድጓዳ ውስጥ ከገባ ግን ጥቅም ነው። ልጁ በጣቱ የደለደለው ነጭ ክምር በአብዛኛው የመጀመሪያውን ዓይነት ነበር።

ለዚህ ስሌት መሥራት ይቻላል፤ ከባድም አይደለም። የሙቀት እንቅፋት የሚገኘው የፔስቱን ውፍረት በማስተላለፍ አቅሙና በገጹ ስፋት በማካፈል ነው። በእኔ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው እርቃን (የብረት ክዳን የሌለው) ሲሊከን ስፋቱ 1.2 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ነው። ፔስቱ በደንብ ተጨምቆ ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር ሃያኛ እጅ ቢሆንና ኤምኤክስ-4 ማሸጊያው ላይ የተጻፈለትን 8.5 ዋት ቢያስተላልፍ፣ 15 ዋት ሲያልፍበት በሁለቱ ገጾች መካከል የሚፈጠረው የሙቀት ልዩነት ከአንድ ዲግሪ ያነሰ፣ 0.7 ገደማ ነው። 12.5 ዋት የሚል ጽሑፍ ያለው ውድ ፔስት በቦታው ቢተካ ልዩነቱ ወደ 0.5 ይወርዳል። አንዱን ከሌላው የሚለየው የዲግሪ ሩብ ነው ማለት ነው። አሁን ደግሞ ደርቆ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ወደ 1 ዋት የወረደ፣ ውፍረቱም 0.2 ሚሊሜትር የሆነ ፔስት እናስብ፤ ልዩነቱ 25 ዲግሪ ይሆናል። በእርግጥ ሙቀቱ በሲሊከኑ ላይ እኩል ስለማይሰራጭና በሁለቱ ገጾች መጋጠሚያ ላይም ተጨማሪ እንቅፋት ስላለ በተግባር የሚታየው ቁጥር ከዚህ ከፍ ይላል፤ ሚዛኑ ግን አይለወጥም። የፔስቱን ብራንድ መቀየር ሩብ ዲግሪ ሲያተርፍ፣ አቀባቡን ማስተካከል ሃያ ዲግሪ ሊያተርፍ ይችላል።

ታዲያ ብራንድ ይህን ያህል ትንሽ ለውጥ ካመጣ፣ ኤምኤክስ-4ን ለምን መረጥኩት? የመረጥኩት ስህተትን ስለሚችል ነው። መቀመጫው ጀርመን ብራውንሽቫይግ የሆነው አርክቲክ ይህን ፔስት ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን፣ በውስጡ ያሉት ብናኞች የካርቦን ናቸው፤ ፔስቱም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ይህ በላፕቶፕ ላይ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ከሲሊከኑ ዙሪያ ካፓሲተር የሚባሉ በዓይን በጭንቅ የሚታዩ የኤሌክትሪክ ክፍሎች ተሰልፈዋል፣ ጀማሪ እጅ ደግሞ ፔስቱን እነሱ ላይ ማፍሰሱ አይቀርም። ፔስቱ ቢፈስም ሾርት አያደርግም። እንዲደርቅ ወይም «እንዲበስል» ቀናት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ታስሮ ወዲያው ይበራል። ሲወጣም ወፍራም ክሬም መሰል ነው እንጂ እንደ ማስቲካ አይጎተትም። ማለዳ ላይ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ግን ጠንከር ይላልና ሲሪንጁን ለሁለት ሦስት ደቂቃ በመዳፍ ጨብጦ ማሞቅ ይበጃል።

የገዛሁበትን ሁኔታ በአጭሩ ልናገር። እዚህ አዲስ አበባ ውስጥ በጠየቅኩባቸው ሁለት ሱቆች ያገኘሁት ያለ ካርቶን በላስቲክ የተጠቀለለ ሲሪንጅ ነበር፤ አንደኛው ክዳኑ ላይ ዘይት ወዝቶበታል። ዘይትና ብናኝ የተለያዩበት ፔስት ኦሪጅናልም ቢሆን ያረጀ ነው። አርክቲክ የዕቃውን ትክክለኛነት በድረ ገጹ ማረጋገጥ የሚያስችል መንገድ ማዘጋጀቱ ራሱ አስመሳይ ዕቃ ምን ያህል እንደተስፋፋ ይጠቁማል፤ ካርቶን የሌለውን ግን በምን ይረጋገጣል? ስለዚህ ከዱባይ በሚመጣ ዘመዴ በኩል አስመጣሁት። ዋጋው እዚህ ከሚጠየቀው ብዙም አልራቀም፤ ለሁለት ሰው ደህና ምሳ የሚበቃ ገንዘብ ነው።

ወደ ሥራው ልግባ። ላፕቶፑን አጥፍቶ ቻርጀሩን መንቀል አይበቃም፤ የጀርባው ክዳን እንደተከፈተ መጀመሪያ የሚነቀለው የባትሪው ገመድ ነው። ከዚያ የፋኑ ገመድ ይነቀላል፤ ቀጥሎ የሂት ሲንኩ ብሎኖች ይፈታሉ። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ከእያንዳንዱ ብሎን አጠገብ ከ1 እስከ 4 የሚል ቁጥር መዳቡ ወይም ብረቱ ላይ ታትሟል፤ ቁጥሩ የሚጠበቁበትን ቅደም ተከተል ስለሚያሳይ ሲፈቱ ከኋላ ወደ ፊት መሄድ ነው። ሂት ሲንኩ አልነሳም ካለ በካቻቪቴ መፈንቀል አይገባም፤ ግራና ቀኝ ቀስ ብሎ ማወዛወዝ ይበቃዋል። እኔ ስከፍት ያየሁት ነጩ ፔስት ከሲሊከኑ ዳርና ዳር ወጥቶ ካፓሲተሮቹን እንደ በረዶ ሸፍኗቸዋል፤ መሀሉ ላይ ደግሞ በበጋ እንደደረቀ ኩሬ ተሰነጣጥቋል። በጥፍሬ ስነካው እንደ ኖራ ረገፈ።

ማጽዳቱ ከመቀባቱ ይልቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ሊወስድም ይገባል። ከሁሉ የሚሻለው አይሶፕሮፒል አልኮል ሲሆን፣ ንጽሕናው 90 በመቶና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። እኔ ያንን ስላጣሁ ከፋርማሲ የሚገኘውን 70 በመቶ አልኮል ተጠቀምኩ፤ ይሠራል፣ ነገር ግን ውሃው ስለሚበዛ እስኪደርቅ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ሳኒታይዘር በየቤቱ አለና ብዙ ሰው እሱን ያነሳል፤ ይህ ስህተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ራሱ 1.45 በመቶ ግሊሰሮል አለበት፤ ግሊሰሮሉ የተጨመረው እጅን እንዲያለሰልስ ነው፤ አይተንም፣ ገጹ ላይ ቅባት ሆኖ ይቀራል። ሶፍትም ብናኝ ስለሚተው የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ይሻላል፤ በካፓሲተሮቹ መካከል ያለውን ደግሞ በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ቀስ እያሉ ማንሳት ነው። ሲሊከኑ እንደ መስታወት ፊት ሲያሳይ ጸድቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በጣት መንካት አይገባም፤ የጣት ወዝም ቅባት ነው።

መጠኑን በሚመለከት የውጭ አገር ጽሑፎች የሩዝ ፍሬ ይላሉ፤ ለእኛ የምስር ፍሬ ብል ይቀለኛል። ክዳን ለሌለው የላፕቶፕ ሲሊከን አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል ነጠብጣብ ከበቂ በላይ ናት። ይህን ስሌትም ይደግፈዋል፤ 1.2 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋትና የሚሊሜትር ሃያኛ ውፍረት ሲባዙ የሚመጣው ይዘት ከአንድ ሚሊሊትር መቶኛ እጅ ያነሰ ነው። በ4 ግራም ሲሪንጅ ውስጥ ያለው 1.6 ሚሊሊትር ፔስት፣ ምንም ሳይባክን ቢሆን ኖሮ ከ250 በላይ እንዲህ ዓይነት ፕሮሰሰሮችን ይሸፍን ነበር። የጥገና ቤቱ ልጅ በአንድ ጣት የዘቀው ስንቱን እንደሚያዳርስ አንባቢ ይገምተው።

እኔም ግን በሌላው ጽንፍ ተሳሳትኩ። የተጻፈውን አንብቤ ፔስት ማብዛት ነውር ነው ብዬ ስላመንኩ፣ ከምስርም ያነሰች ነጠብጣብ መሀል ላይ ጣል አድርጌ፣ ሂት ሲንኩ ተጭኖ ያሰራጨዋል ብዬ አሰርኩት። ሙቀቱ ወረደ፤ ነገር ግን ከአራቱ ኮሮች አንደኛው ከሌሎቹ 9 ዲግሪ ከፍ ብሎ ቀረ። እንደገና ከፍቼ ሳየው ምክንያቱ ፍጥጥ ብሎ ይታይ ነበር፤ ፔስቱ በሲሊከኑ መሀል እንደ እንቁላል ቅርጽ ተሰራጭቶ፣ አንደኛው ማዕዘን ግን እርቃኑን ቀርቷል። የላፕቶፕ ሲሊከን ካሬ አይደለም፣ ረዘም ያለ አራት ማዕዘን ነው፤ ክብ ሆኖ የሚሰፋ ነጠብጣብ ጠርዞቹን ከሁለቱ ወገን ቀድሞ ይሞላና ማዕዘኖቹ ላይ ሳይደርስ ይቆማል። ክዳን ባለው የጠረጴዛ ፕሮሰሰር ይህ ብዙም አይጎዳም፤ የክዳኑ ብረት ሙቀቱን ወደ ጎን ያሰራጨዋልና። እርቃን ሲሊከን ላይ ግን ያልተሸፈነው ማዕዘን ሥር ያለው ኮር ሙቀቱን የሚያስረክበው ለአየር ነው።

ለሁለተኛው ዙር ሁሉንም ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። የተነሳን ፔስት መልሶ መጫን አየር ስለሚያጠምድ አይሆንም። በዚህ ጊዜ በሲሊከኑ ርዝመት አቅጣጫ ቀጭን መስመር አወጣሁና፣ ጊዜው ባለፈበት ኤቲኤም ካርድ ጠርዝ ሥሩ ያለው ሲሊከን ጥላው በጭላንጭል እስኪታይ ድረስ አሳስቼ ገጹን በሙሉ ሸፈንኩት። ከጎኑ ያለችውን ትንሿን ሲሊከን አልነካኋትም፤ በዚህ ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ ሁለት ቺፖች በአንድ ሰሌዳ ላይ ይቀመጣሉ፣ የሂት ሲንኩ መዳብ የሚያርፈው ግን በትልቁ ላይ ነው። ከዚያ ሂት ሲንኩን ቀጥ አድርጌ ከላይ ወደ ታች አሳረፍኩት፤ ወደ ጎን እየጎተቱ ማስተካከል ፔስቱን ይጠርገዋል። ብሎኖቹን ሁሉንም መጀመሪያ በጣት ኃይል ብቻ፣ ቀጥሎ በቁጥራቸው ተራ ግማሽ ግማሽ ዙር እያልኩ አጠበቅኳቸው። አንዱን ብሎን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ሂት ሲንኩን ያዘነብለዋል፤ ፔስቱ በአንድ ወገን ይወፍራል፣ ሲሊከኑም ጠርዙ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ውጤቱን የለካሁት ሲኔቤንች አር23 በተባለው የፕሮሰሰር መፈተኛ ፕሮግራም በ10 ደቂቃ ሙከራ ነው፤ የክፍሉ ሙቀት 21 ዲግሪ ነበር። ከ98 እና 99 ዲግሪ ወደ 83 ወረደ፤ በአራቱ ኮሮች መካከል ያለው ልዩነትም 3 ዲግሪ ሆነ። ከቁጥሩ ይልቅ የሚጨበጠው ለውጥ ግን ፍጥነቱ ከመነሻው በታች መውረዱን ማቆሙና ፋኑ ሌሊት ዝም ማለቱ ነው። ያን የ10 ደቂቃ ቪዲዮ አሁን በግማሽ ሰዓት ያወጣዋል።

እዚህ ላይ በውጭ አገር ግምገማዎች የማይነሳ አንድ ነገር ማንሳት እፈልጋለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ አየሯ በባሕር ጠለል ካለው አየር አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋን የሚገፋው በይዘት ልክ ነው፤ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ይዘቱ ያው ቢሆንም ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ ተሸክሞት የሚሄደው ሙቀትም ያንኑ ያህል ያንሳል። የከተማዋ ብርድ ይህን በከፊል ያካክሰዋል። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ የተለካን ቁጥር አንብቦ «የእኔ ለምን እንዲያ አልወረደም» ማለት ፔስቱን ያለ ጥፋቱ መክሰስ ይሆናል፤ የፔስት ግዛት ከሲሊከኑ እስከ መዳቡ ያለችው ከፀጉር የቀጠነች ርቀት ብቻ ናት። ከመዳቡ ወዲያ ያለው የሂት ሲንኩ ስስ የብረት ክንፎች፣ የፋኑና የአየሩ ሥራ ነው። አቧራ የዘጋው ሂት ሲንክ ላይ የዓለምን ምርጥ ፔስት መቀባት ገንዘብ መጣል ነው።

የጠረጴዛው ኮምፒውተር የወንድሜ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 3600 ነው። ይኸኛው የብረት ክዳን ስላለው ትንሽ የአተር ፍሬ የሚያህል ነጠብጣብ መሀል ላይ አስቀምጦ ሂት ሲንኩን መጫን በቂ ሆኗል፤ ማሳሳት አላስፈለገም። አደጋው ያለው ሲነሳ ነው። በዚህ ዓይነት ማዘርቦርድ ላይ የፕሮሰሰሩ እግሮች ያሉት ከፕሮሰሰሩ ሥር ስለሆነ፣ የደረቀ ፔስት ሂት ሲንኩን እንደ ሙጫ ከያዘው ፕሮሰሰሩ ከነእግሩ ተነቅሎ ሊወጣ ይችላል። ኮምፒውተሩን ለ15 ደቂቃ አሠርቶ ማሞቅና ካጠፉት በኋላ ሂት ሲንኩን ሳይጎትቱ በቀስታ ማጠማዘዝ ከዚህ ያድናል።

ጥንቃቄ የሚሻ ሌላም ነገር አለ። ላፕቶፕ ውስጥ ሂት ሲንኩ ፕሮሰሰሩን ብቻ አይነካም፤ በአንዳንዶቹ ላይ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚቆጣጠሩ ክፍሎችና የግራፊክስ ሜሞሪ ላይም ያርፋል፤ በመካከላቸውም ግራጫ ወይም ሰማያዊ ለስላሳ ተርማል ፓድ ይቀመጣል። ፓዱ ግማሽ ወይም አንድ ሚሊሜትር የሚሆን ክፍተት የሚሞላ ነው። ሲከፈት ከተቀደደ «በፔስት ልተካው» ማለት አይሠራም፤ ፔስት ያን ያህል ክፍተት አይሞላም፣ ይፈሳል። ከተቀደደው ጋር ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ፓድ መፈለግ ግድ ነው። በተቃራኒው በድሮው የአምፕሊፋየር ጥገና እንደ 2ኤን3055 ያሉት ባለ ብረት ቆብ ትራንዚስተሮች ከሂት ሲንካቸው ጋር የሚገናኙት ማይካ በተባለ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ማዕድን ቀጭን ንጣፍ በኩል ሲሆን፣ ነጩ የሲሊኮን ቅባት ከማይካው ግራና ቀኝ ይቀባ ነበር። በጥገና ቤቶቻችን ያለው የነጭ ፔስት ልማድ ከዚያ ዘመን የመጣ ይመስለኛል፤ ሰፊ የብረት መቀመጫ ላለው ትራንዚስተር ያ ቅባት በቂ ነበር፤ የጥፍር ያህል ስፋት ላይ ያን ሁሉ ሙቀት ለሚያከማች ሲሊከን ግን አይበቃም። የጥርስ ሳሙና የሚቀቡም አሉ፤ ለጥቂት ቀን ያገለግላል፣ ውሃው ሲተን ግን ዱቄት ሆኖ ይቀራል።

ከሌሎች ምርቶች ጋር ሳነጻጽረው፣ የኦስትሪያው ኖክቱዋ ኤንቲ-ኤች1 ከኤምኤክስ-4 ጋር እኩል ሊባል የሚችል ነው፤ አምራቹ ሳይቀባ እስከ 3 ዓመት፣ ከተቀባ በኋላ እስከ 5 ዓመት ያገለግላል ይላል፤ አርክቲክ ለኤምኤክስ-4 8 ዓመት ያህል ይሰጠዋል። ይህን የ8 ዓመት ተስፋ ክዳን ላለው የጠረጴዛ ፕሮሰሰር እንጂ ለላፕቶፕ አልቀበለውም፤ የየትኛውም አምራች ለስላሳ ፔስት እርቃን ሲሊከን ላይ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ በሚፈጠረው መለጠጥና መኮማተር ቀስ በቀስ ወደ ዳር መገፋቱ የታወቀ ነው። የተርማል ግሪዝሊ ክራዮናት 12.5 ዋት ይላል፤ ከላይ ባየነው ስሌት በላፕቶፕ ላይ ዋጋውን የሚያስከፍል ለውጥ አያመጣም። የዚያው ድርጅት ኮንዳክቶናት 73 ዋት የሚባልለት ፈሳሽ ብረት ነው፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ውስጡ ያለው ጋሊየምም አልሙኒየምን ይበላል። ላፕቶፕ በቦርሳ ይዞ ታክሲ የሚሳፈር ሰው በየመንገዱ የሚወዛወዝ ፈሳሽ ብረት ለምን ፕሮሰሰሩ ላይ እንደሚያስቀምጥ አልገባኝም። ለላፕቶፕ ከኤምኤክስ-4 ይልቅ የምመርጠው ቢኖር የሃኒዌል ፒቲኤም7950 ነው፤ እንደ ስስ ወረቀት ተቆርጦ ይለጠፋል፣ 45 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ለስልሶ ጎድጓዳውን ይሞላል፣ ወደ ዳር የመገፋት ችግሩም እጅግ አነስተኛ ነው። እጄ ላይ ባለመኖሩ እንጂ ቢኖር የመጀመሪያውን ላፕቶፕ በእሱ እሠራው ነበር።

ኤምኤክስ-4 ላይ የማነሳው ቅሬታ ሁለት ነው። ሲሪንጁ ላይ ምን ያህል እንደወጣ የሚያሳይ ምልክት የለም፤ መጠን ሁሉ ነገር በሆነበት ዕቃ ላይ ሁለት ሦስት መስመር ማተም ምን ያስቸግር ነበር? ሁለተኛው ማሸጊያው ላይ ጎልቶ የሚታየው የዋት ቁጥር ነው፤ ይህ የአርክቲክ ብቻ ሳይሆን የሁሉም አምራቾች ልማድ ቢሆንም፣ እያንዳንዱ በራሱ ሁኔታ የለካው ቁጥር ገዢውን ከአቀባቡ ይልቅ ቁጥር እንዲያሳድድ ያደርገዋል።

ባለፈው ወር ላፕቶፑን ሳልከፍት በዚያው የ10 ደቂቃ ሙከራ ደግሜ ለካሁት፤ 87 ዲግሪ መጣ፤ ከመጀመሪያው 4 ዲግሪ ጨምሯል። ፔስቱ ወደ ዳር ተገፋ ብዬ ሲሪንጁን ከመሳቢያ ካወጣሁ በኋላ፣ ፔስቱን ከመንካቴ በፊት የጀርባውን ክዳን ብቻ አንስቼ የክንፎቹን አፍ አየሁት፤ ግራጫ ጥጥ የመሰለ አቧራ ደፍኖታል። አቧራውን አንስቼ መልሼ ስለካው 84 ሆነ። ሲሪንጁን ክዳኑን አጥብቄ ወደ መሳቢያው መለስኩት።